ማኅተም የያዘው ሰው ስልጠና ላይ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ሐዋሳ

በጎ ፈቃደኞችን የሚያመሰግን ጽሑፍ ሰሞኑን በጋዜጣችሁ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ወጣቶቹ አንድ ዓይነት ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑ፣ ችግኝ ሲተክሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍም አብሮ ወጥቷል። እጃቸው ይባረክ። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ቲሸርት ስለማይታደልበት፣ ፎቶግራፍ አንሺም ስለማይከተለው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ለትምህርት ቤትና ለመንደር ጉዳይ ከተማ መውጣት፣ ደጅ መጥናት፣ ጉዳዩ ቢሞላም ባይሞላም ሳይመሽ መመለስ።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ፣ ባለቤቴ ወደተወለደበት የሲዳማ ሸበዲኖ ወረዳ፣ ከወረዳው ከተማ ከለኩ ወደ ውስጥ ወዳለ መንደር ገባን። ቡናውንና እንሰቱን እሱ ይዟል። እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝምና በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ አስተምራለሁ። ሐዋሳን ስለማውቃት፣ ርዕሰ መምህሩም ከክፍል ቢወጣ የሚተካው ሰው ስለሌለ፣ የከተማው ጉዳይ ሁሉ ቀስ በቀስ እኔ ላይ ወደቀ። መላላኩ አልከበደኝም። የከበደኝን ልንገራችሁ።

አስቀድሜ ግን የከተማ ሰው ብዙም የማያስበውን ነገር ላስረዳ። የእኛ ገበያ ሰኞ ወይም ሐሙስ ተብሎ የሚቀጠር አይደለም። በሲዳማ ባህላዊ አቆጣጠር ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ። ገበያችን ዛሬም በዚሁ ይሄዳል፤ በየአራት ቀኑ ይውላል። መኪና መንደራችን ድረስ የሚዘልቀውም በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ነጋዴውን ከነዕቃው ያመጣል፣ ማታ ከነቡናውና ከነቆጮው ይመልሰዋል። በሌላው ቀን ሞተር ብስክሌት አለ። እሱም ዝናብ ካልጣለ ነው፤ በዚያ ላይ በእኔ ዕድሜ ደስጣ ወረቀት ታቅፎ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በሞተር ጀርባ መጓዝ ለባለቤቴም ለሐኪሜም የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ይህ አራት ቀን ከመንግሥት ሰባት ቀን ጋር እንዴት እንደሚተላለፍ ልብ በሉልኝ። ሰኞ የዋለ ገበያ ቀጥሎ አርብ ይውላል፤ ከዚያ ማክሰኞ፣ ከዚያ ቅዳሜ። ቅዳሜ ላይ ሲወድቅ መሥሪያ ቤት ዝግ ነውና እስከ ረቡዕ እንጠብቃለን። ከረቡዕ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እሑድ ላይ ይወድቃል። ቢሮ ውስጥ ሆኖ «ነገ ብቅ ይበሉ» ብሎ የሚያሰናብተን ሰው ክፋት የለውም። ነገ መኪና እንደሌለ አያውቅም፤ ብቻ ማንም አልነገረውም።

የገበያው ቀን ራሱ ደግሞ አጭር ነው። ጎህ ሲቀድ ነጋዴ አራግፎ የሚመለሰውን መኪና ይዤ ለኩ እወርዳለሁ። ከለኩ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ ይበሉ» እያለ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ያስቀምጣል፤ እማማ ብሎ ካከበረኝ ልጅ ጋር የታሪፍ ክርክር መግጠም ደግሞ ደስ አይልም፤ እገጥማለሁ ግን። ሐዋሳ መናኸሪያ ስወርድ ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከቆየ ሦስት ተኩል። ለመመለስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከተማውን መልቀቅ አለብኝ፤ አለዚያ ነጋዴዎቹን ሊያመጣ ወደ መንደራችን የሚወጣው የመጨረሻው መኪና ያመልጠኝና ለኩ ላይ ዘመድ ፍለጋ እገባለሁ። በዚህ መሐል መሥሪያ ቤቶች ለምሳ 6፡30 ዘግተው 7፡30 ይከፍታሉ። አርብ ሲሆን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ዝግ ነው፤ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነውና በዚህ ላይ የምለው የለኝም። የቀረችኝን ጊዜ እናንተው አስሉት።

ጉዞዬ ከታወቀ ዋዜማው ማታ ቤቴ ሰው አያጣም። ቡና ይፈላል፤ ቡናው ሳያልቅ ደብተሬ ይሞላል። አንዷ የልጇን የተሰበረ መነጽር በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤ እጀታው ብቻ ነው የወለቀው፣ ዋጋውን ግን ከፍ አታድርጊብኝ ትላለች፤ ዋጋውን እኔ የምተምነው ይመስል። አንዱ የጣሪያ ሚስማር ኪሎ ይለኛል። ወጣቶቹ ገንዘቡን በቴሌብር ይልኩልኛል። አረጋውያኑ ከሻሻቸው ጫፍ ፈትተው፣ ቆጥረው፣ ደግመው ቆጥረው በእጄ ያስይዙኛል። የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የሚባዛ ፈተና፣ የሚሰጥና የሚመጣ ደብዳቤ።

ሐዋሳ ላይ ሁሉም ነገር አስቸጋሪ ነው ብዬ እንዳልዋሽ፣ ጥሩውን ላስቀድም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፈተናችንን የምናባዛበት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። የምትሠራው ልጅ ገና ስታየኝ ሌላውን ሥራ ታቆማለች። ፈተናው በሲዳምኛ ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ። ዋናውን ቅጂ ከእጄ ተቀብላ ጠርዙን በጣቷ ትዳስሳለች፤ የታጠፈ ጥግ ካገኘች በጥፍሯ ታስተካክላለች፤ ከዚያ አንድ ገጽ ብቻ አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ታየዋለች። ከደበዘዘ ቀለሙን ትጨምራለች። ከዚያ ነው ሁለት መቶውን የምትለቀው። መብራት የጠፋ ዕለት ጄኔሬተር ታስነሳለች፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ምክንያቱንም አስቀድማ ትናገራለች። የሥራ ክብር ይሉሃል ይህ ነው፤ በጡረታ ዘመኔ ያየሁት ምርጥ ተማሪ የእኔ ተማሪ ሳትሆን ቀረች።

ሌላው አንድ ፋርማሲስት ነው። የጎረቤቴ እናት የደም ግፊት ታማሚ ናቸው። የሐኪም ማዘዣቸውንና ያለቀውን መድኃኒት ባዶ እሽግ ይዤ በየመድኃኒት ቤቱ ዞሬ ያጣሁበት ቀን ነበር። ይህ ሰው «የለም» ብሎ ብቻ አልመለሰኝም። ከየት እንደምመጣ ጠየቀኝ። ነገርኩት። የወረቀት ከረጢት አወጣና ላዩ ላይ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ፤ «እናቴ፣ ከመምጣትዎ በፊት ይደውሉልኝ። ከገባ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ካልገባም እንዳይደክሙ እነግርዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ እደውላለሁ። ያነሳል። ለእኚህ እናት መድኃኒት ስል በከንቱ የተመላለስኩበት ጊዜ ከዚያ በኋላ የለም። ያቺ ከረጢት ዛሬም ደብተሬ ውስጥ አለች።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ ልምጣ። ስሙን አልጠቅስም፤ በእሱ ቦታ ሌላ ብታስገቡ ታሪኩ አይለወጥም።

ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ደረሰን፤ ለቤተ መጻሕፍታችሁ አጋዥ መጻሕፍት ስለተፈቀደ ሕጋዊ ወኪል ልካችሁ ተረከቡ ይላል። ቤተ መጻሕፍት የሚሉት መደርደሪያ የተሠራለት የቀድሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ ቢሆንም ልጆቹ ደብዳቤው ሲነበብላቸው አጨበጨቡ። ወኪሉ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ደብዳቤው አይናገርም። የስልክ ቁጥሩ ቦታ ላይ ነጠብጣብ ብቻ አለ። ርዕሰ መምህሩ የውክልና ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ፈረመ፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም አሳረፈ። ቀጣዩ ገበያ ማክሰኞ ነበር፤ ሄድኩ።

የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ትሁት ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ላቤን አይታ ውኃም አቀረበችልኝ። ደብዳቤዬን አንብባ «እናቴ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያዎን» አለችኝ። ያለኝ የጡረታ መታወቂያ ነው። ፊቷ ተለወጠ። ዕቃ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ቅጹ፣ ሲወጣ የሚፈርመው ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ የመንግሥትን ንብረት ፈርሞ አይቀበልም። ደንቡን አልነቅፍም። የመንግሥት ንብረት በፊርማ ካልተያዘ ወዴት እንደሚሄድ በሥራ ዘመኔ በቂ አይቻለሁ። ግን ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብዳቤው ግርጌ ቢጻፍ ኖሮ ቋሚ መምህር ይመጣ ነበር፤ የእሱን ክፍል እኔ እይዝለት ነበር።

ሠራተኛዋ ተጨንቃ ወደ ኃላፊዋ ወሰደችኝ። ኃላፊው ሰው ነው፤ አዳመጠኝ። ደብዳቤዬ ኅዳግ ላይ «በልዩ ሁኔታ ይሰጣቸው» ብሎ መራና ፈረመ። እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ተነሳሁ። ልጅቷ ግን ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ ተቆለፈ መሳቢያ ተመለከተች። ፊርማው ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተም የያዘው ሰው ስልጠና ላይ ነው።

«የት ነው ስልጠናው?»

«አዳማ።»

ሳቄ መጣ። ሐዋሳ ያለ ሠራተኛ ለስልጠና አዳማ ይሄዳል፣ አዳማ ያለው ለስልጠና ሐዋሳ ይመጣል፤ የሁለቱም ከተማ ሆቴሎች ይመስክሩ። ለምን በየቤታቸው እንደማይሠለጥኑ ግን የእኔ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም።

«መቼ ይመለሳል?» አልኳት። «ሰኞ» አለችኝ። የዚያ ዕለት ገበያ ማክሰኞ፣ ቀጣዩ ቅዳሜ፣ ከዚያ ረቡዕ። ሰኞ የሚመለስ ማኅተም ለእኛ የሚመለሰው ረቡዕ ነው። መጻሕፍቱ ከተቀመጥኩበት ይታዩኛል። በሲባጎ ታስረዋል፤ የትምህርት ቤታችን ስም በማርከር ተጽፎ ላያቸው ላይ ተለጥፏል፤ የላይኛው የሳይንስ መጽሐፍ ነው፣ ሽፋኑ ላይ የልብ ሥዕል አለበት፤ ቀዩና ሰማያዊው የደም ሥር ሳይቀር ይለያል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ልብ ለመሣል የሚታገለውን ባልደረባዬን አሰብኩት። መጻሕፍቱ ከእኔ የሚርቁት ሁለት እርምጃ ነው። ልጅቷ ዓይኔን ተከትላ አየችና ራሷ አፈረች፤ ማፈር ያልነበረባት እሷ ነበረች። ስሸኝም አንድ ምክር ሰጠችኝ፦ «በቴሌግራም ደብዳቤውን አስቀድማችሁ ብትልኩልን ኖሮ እንነግራችሁ ነበር።» የቴሌግራሙን አድራሻ ጠየቅኋት። የእሷው የግል ስልክ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነና በሩ ተዘጋ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ የዓሣ ሾርባ ጠጣሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ በሚበልቱት ልጆች ዙሪያ ተሰልፈው ድርሻቸው እስኪጣል ይጠብቃሉ፤ እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ከእነሱ ጋር 7፡30ን ጠበቅሁ፤ ምናልባት ተወካይ ይገኝ ብዬ። አልተገኘም።

የቀረውን ሰዓት ለሸቀጥ አደረግሁት። እዚህም አንድ ቃል ልበል። የትምህርት ቤት ድጎማ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይወራረድም። ሱቅ ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚል ነው፤ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መሆኑን አውቃለሁ፣ ይከፈል፤ ግን ታክሱ የሚታወሰው ደረሰኝ ስጠይቅ ብቻ ከሆነ ያለ ደረሰኝ የሚገዛው ሰው ለማን እየከፈለ ነው? የባጃጅና የተሸካሚ ወጪ ደረሰኝ ስለሌለው የወላጅና መምህራን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይይዘዋል። የእኔ መሳፈሪያ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አልጠየቅሁም፤ ከጡረታዬ ነው። አንድ ጊዜ ለሚያልቅ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ስከፍል ግን ይሰማኛል።

መጻሕፍቱ ኋላ ደርሰውናል። የልቡ ሥዕል ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ለምን ትጽፊያለሽ ለሚለኝ፣ ከእኔ በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ብዙ ሰው አለ። የጤና ኬላ ሠራተኛ አለች፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር አለ፣ የውርስ ጉዳይ ያላት መበለት አለች፣ ከሸበዲኖ ርቆ ከቆላውም ከደጋውም የሚመጣ አለ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲዳማ የክልልነት ሕዝበ ውሳኔ ዕለት ንጋት ላይ በተሰለፍንበት ሰልፍ ውስጥ ከአጠገቤ የነበሩ አዛውንት ክልል መሆን ለእሳቸው ምን እንደሆነ ሲናገሩ «ጉዳያችን ደጃችን ላይ ያልቃል» ብለው ነበር። በሰኔ 2012 ክልሉ ሲመሠረት ሐዋሳ መቀመጫው ሆነች። ደጁ እንግዲህ ቀርቧል። በሩ ላይ ግን ለመንደር ሰው የተጻፈ ነገር የለም።

በሩ ላይ እንዲጻፍ የምጠይቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። የሚያነሳው ሰው ያለበት፣ የመሥሪያ ቤቱ የሆነ ስልክ ቁጥር። ሠራተኛ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ የግል ስልክ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀር። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ለዚህ ጉዳይ ይህን ይህን ይዘው ይምጡ የሚል አንድ ገጽ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወረቀቱን ያቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅ ታባዛላችኋለች፣ ጥርት አድርጋ። የማኅተሙ ነገር ትንሽ ይከብዳል፣ ኃላፊነት ነውና። ቢሆንም ሠራተኛ ስልጠና ሲሄድ ሥራውን በጽሑፍ አስረክቦ እንዲሄድ የሚጠይቅ አለቃ ማኅተሙንም እንዲያስረክብ ሊጠይቅ ይችላል። ማኅተም አዳማ ሄዶ የሚማረው ነገር የለም።

የሚመልሱልኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ አገልግሎቱ በቅርቡ ወደ ኦንላይን ይገባል ይሉኛል። ይግባ። ጉብታው ላይ ወጥቼ እጠቀምበታለሁ። በሲባጎ የታሰረ መጽሐፍ ግን በኔትወርክ አይመጣም፤ አንድ ሰው መኪና ተሳፍሮ ሄዶ ፈርሞ ነው የሚያመጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ በደረሰ ቁጥር ከተማው በሰንደቅና በባነር ይደምቃል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ኮርተናል፤ ቀኑን ጨረቃና ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቱዎች በቴሌቪዥን ይቀርባሉ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ጥናት ይነበባል። ያ አቆጣጠር ለእኛ የመኪና መምጫ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ባነሩን የሰቀለው መሥሪያ ቤት ከዲኮ እስከ ቀዋላንካ ያሉትን አራት ቀናት ከግድግዳ ካላንደሩ አጠገብ ቢጽፋቸው፣ ባለጉዳይ ሲመልስ «ገበያችሁ መቼ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ይረዳው ነበር። ቀጠሮውን በእኛ ቀን እንዲያደርግልን አይደለም፤ ማኅተሙ የሚኖርበትን የገበያ ቀን እንዲነግረን ነው።

ዝግጅት ክፍሉንም ልለምን። ከማስታወቂያዎቹ መሐል አንዲት ጠባብ ዓምድ ብትገኝ፣ ባለጉዳይ የሚበዛባቸውን የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ስልክ ቁጥር አውጡልን። ከማውጣታችሁ በፊት ግን እያንዳንዱን ደውላችሁ ሞክሩት፤ የሚያነሳ ከሌለ ቁጥሩ አጠገብ «አይነሳም» ብላችሁ ጻፉ። ጋዜጣው እጄ ሲገባ ገጹን ቆርጬ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በገበያ ቀን ሰው በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህርት፣ ሸበዲኖ ወረዳ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)